ሁላችንም በዘሃራ ስም ስንገባ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ጎረቤቶቼ “እንግዲህ ምን ልትሠሪ ነው እቴ ሐዋ?” እያሉ መግቢያ መውጫ አሳጡኝ። ምን እሠራለሁ? እተኛለኋ! ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ካርድ ስፈልግ ኖሬ አሁን የራሴን መነጽር ብቻ ብፈልግ ምናለበት? እውነቱን ለመናገር ግን ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት። ሥራውን ጠልቶ የሚወጣ አይቻለሁ፣ ተገፍቶ የሚወጣም አይቻለሁ። እኔ ሸክሜን ቦታው አድርሼ ነው ያወረድኩት፣ አልሐምዱሊላህ። ሊወድቅብኝ ትንሽ ሲቀረው እንዴት እንደተረፈ ልንገራችሁ። የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም። የሰዎቹንም ስም ቀይሬዋለሁ፤ ነገ ገበያ ላይ የምንገናኝ ሰዎች ነን።

ሥራ የጀመርኩት ሮቢት ጤና ጣቢያ ነው፣ ካርድ ክፍል። ደመወዜ ለጫማዬና ለእናቴ ስኳር ትበቃ ነበር፤ የደመወዙን ነገር እንተወው። ኋላ ወደ ሆስፒታሉ ስዛወር የተቀበሉኝ የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ጋሼ ታረቀ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ የቆቦ ሙቀት ድንጋይ በሚሰነጥቅበት ቀን እንኳ ኮታቸውን የማያወልቁ ሰው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር ከለከሉኝ። “ታካሚ ሲመጣ ‘አህመድ ነህ?’ ብለሽ እንዳትጠይቂ። የኛ ሰው ጨዋ ነው፤ አንቺን ላለማሳፈር አዎ ይልሻል። ‘ስምህ ማን ነው?’ በዪው፣ እሱ ይንገርሽ” አሉኝ።

ማን ያምናል! ሰው ስሙን ይክዳል እንዴ? አለማመኔን ፊቴ ላይ አነበቡት መሰለኝ፣ ወረፋ ላይ ወደነበሩ አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው “አባባ፣ ሐሰን ነዎት?” አሏቸው።

“እህ፣ ካላችሁ ልሁና” አሉ ሽማግሌው።

ስማቸው እንድሪስ ነበር። ጋሼ ታረቀ ሳይስቁ ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ እኔ ግን መደርደሪያው ጀርባ ገብቼ አፌን ይዤ ሳቅኩ።

ብዙ ነገር ከሳቸው ተማርኩ። ካርድ ከመደርደሪያ ሲወጣ በቦታው ቁራጭ ካርቶን ይሰካሉ፤ ካርቶኑ ላይ ማን እንደወሰደው በእርሳስ ይጻፋል። ካርቶን ያልተሰካበት ክፍተት ካዩ ያን ቀን ምሳ የለም፣ ሁላችንም እንፈልጋለን። የሞተ ሰው ካርድ ሲያነሡ ቆመው ነው የሚያነሡት፤ ማንም ይሁን ማን፣ ሕፃንም ቢሆን። የክፍሉን ቁልፍ ደግሞ በክር አስረው አንገታቸው ላይ ነው የሚያደርጉት። ለማንም አያውሱም። አንድ ጊዜ የነበረው ዳይሬክተር “ቁልፉን ላክልኝ” ቢላቸው “ጌታዬ፣ እኔው መጥቼ ልክፈትልዎ” ብለው ከቤታቸው በእግራቸው መጡ። “ቁልፉን ያዋሰ ሰው ዕቃ ሲጠፋ ምስክር የለውም” ይሉ ነበር። እኔ በልቤ እኚህ ሰውዬስ አበዙት እል ነበር።

እሳቸው ጡረታ ወጥተው ቦታውን እኔ ያዝኩት። ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ሁላችንም ተበታተንን፤ ሲያልፍ ተመልሰን መጣን። ካርድ ክፍሉ በር አልነበረውም። መደርደሪያው ለማገዶ ሄዷል፤ ካርዱ ግቢው ውስጥ ተበትኖ ዝናብ መትቶት እንደ ገንፎ ሆኗል። አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጥታ “ካርዱን ስጡኝ፣ የልቡ ምርመራ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው” አለችኝ። ወደ ግቢው አሳየኋት። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኔም አጠገቧ ቁጭ አልኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ስለዚህ “ኮምፒዩተር ይመጣል፣ ከእንግዲህ ካርድ የለም” ሲባል ሌላው ፊቱን ሲያጠቁር እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ቢያቃጥሉት ሌላ ቦታ ቅጂ ይኖረዋል ሲሉኝ፣ በቃ፣ ይህን ያየሁት ቀን ዐርፌ እተኛለሁ አልኩ። የመረጃ ክፍል ኃላፊ ተብዬ ሥራው በእኔ ላይ ወደቀ።

የመጀመሪያው ሙከራ ግን ጉድ ነበር። ከከተማ አሠልጣኞች መጡ፤ በሆቴል አዳራሽ ሰብስበው ግድግዳ ላይ ሥዕል እያበሩ አስተማሩን። ጎበዞች ናቸው፣ ምሳውም ጥሩ ነበር። ነገር ግን አንዳቸውም ዋርድ ገብተው ነርስ እንዴት እንደምትሠራ አላዩም። ኮምፒዩተሩ የልደት ቀን ካልሞሉለት ወደፊት አይሄድም። የዋጃን ገበሬ “መቼ ተወለድክ?” ብትሉት “ማሽላው የበጀ ዓመት፣ በዓጨዳ” ይላችኋል። ይህን የት ይጻፉት? ልጆቹ ሲጨንቃቸው ለሁሉም መስከረም አንድ እያሉ መሙላት ጀመሩ። ሳይቆይ የራያ ሕዝብ በሙሉ እንቁጣጣሽ ዕለት የተወለደ ሆኖ አረፈው!

መብራት ይሄዳል፤ ሲመጣ የተጻፈው ጠፍቶ ይቆያል። ወረፋው በሩን አልፎ ፀሐይ ላይ ወጣ። ከጎብዬ የመጡ አንዲት እናት አንገቱን አቀርቅሮ ኮምፒዩተሩ ላይ ፊደል በፊደል የሚለቅመውን ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩና “ልጄ፣ የታመምኩት እኔ ነኝ። ያን ሳጥን ምን ትመረምረዋለህ?” አሉት። ዋርዱ በሳቅ ፈረሰ። ሐኪሙም ሳቀ፤ ከዚያ ወረቀቱን ሳብ አድርጎ በእጁ ጻፈ። ሌሎቹም ተከተሉት።

አንድ ሰኞ ጠዋት ስገባ ኮምፒዩተሮቹ ሁሉ ዳንቴል ለብሰዋል። አዎ፣ ዳንቴል! ጽዳት ሠራተኛዋ ከቤቷ አምጥታ ነው፤ “አቧራ እንዳይገባባቸው ብዬ” አለችኝ በፍቅር። በአንደኛው ላይ የፕላስቲክ አበባም አስቀምጣበታለች። እሷ ምን አጠፋች? የማይሠራበት ዕቃ ይሸፈናል። እኔ ግን መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። በጦርነት የጠፋው ካርድ ያሳዘነኝን ያህል ይህ አሳዘነኝ። ያንንስ ሌላ ሰው ነው ያጠፋብን፤ ይኼኛውን ግን እኛው ለራሳችን አልፈለግነውም።

ከሁሉ የከፋብኝ ጋሽ ጌታቸው ነበር። የሕፃናት ዋርድ ነርስ ነው፤ ከዋርዱ ሁሉ አንጋፋ፣ ጡረታው የደረሰ። እጁ የተባረከ ሰው ነው። ሐኪሞቹ የሕፃን ደም ሥር አጥተው ሲያልባቸው “ጌታቸውን ጥሩት” ይባላል፤ መጥቶ ሕፃኑን በግራ እጁ እያጫወተ በቀኙ መርፌውን ያስገባል። ግን ኮምፒዩተር ሲያይ ፊቱን ያዞራል። “ሐዋ፣ እኔ የተቀጠርኩት ደም ሥር እንዳገኝ ነው፤ ፊደል ለመልቀም አይደለም” ይለኛል።

“ትለቅማታለህ! ጡረታ ሳትወጣ ትለቅማታለህ!”

“አንቺ ቀድመሽኝ ትወጫለሽ” ይላል እየሳቀ።

ነገሩን የለወጠችው ዘሃራ ናት። የጎብዬ ልጅ፣ እዚያው የሕፃናት ዋርድ ውስጥ ወጣት ነርስ። ማንም ሳያዛት አንድ ቀን ዳንቴሉን ገፈፈችና ጠረጴዛውን በጎን አዞረችው፤ እናትየዋ ስክሪኑን እንድታይ። የምትጽፈውን ጮክ ብላ ታነባለች። “የኔ እመቤት፣ ትኩሳቱ ከትናንት ወዲያ ጀመረው ብዬ ጻፍኩ። ልክ ነኝ?” እናትየዋ “ኧረ ከዚያ በፊት ነው!” ትላታለች፤ ዘሃራ ታስተካክላለች። እናቶቹ ወደዱት። ሳጥኑን የሚያየው ሐኪም ጠላት ነበር፤ ሳጥኑን ለነሱ የምታሳየው ዘሃራ ግን ዘመድ ሆነች። ሌሎቹ ነርሶች አንድ በአንድ አጠገቧ እየቆሙ ተማሩ። እሷም አትሰለችም። “አብሽር፣ አይዞህ፣ ይህቺን ብቻ ንካት” እያለች ታሳያለች። እኔ በስብሰባ ተናግሬ፣ ተቆጥቼ፣ ለምኜ ያልሆነልኝን ይህች ልጅ ጠረጴዛ በማዞር አደረገችው!

ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ግን በዚያው ልክ አንድ ክፉ ነገር አብሮ በቀለ።

ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ፓስወርድ ተሰጥቶታል። ማሽኑ የሰውን እጅ አያውቅም፤ በማን ፓስወርድ እንደተገባ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሰዉ ግን ፓስወርዱን ይረሳል፤ ሲረሳ ወደ እኔ መምጣቱ ይከብደዋል፣ እኔም ትንሽ እቆጣለሁ መሰለኝ። ዘሃራን “እስቲ ያንቺን አውሺኝ” ይሏታል። እሷ ትሰጣለች። ወሎ ውስጥ ጨው ወይ እሳት አውሽኝ ተብሎ የለም ይባላል? ነውር ነው። ቀስ በቀስ ጠዋት ዘሃራ ከፍታ የተወችው ማሽን እስከ ማታ በስሟ ክፍት ይውላል። “ፓስወርድሽ የታለ?” ስል “በዘሃራ ስም ነው የገባሁት” ይሉኛል እርስ በርሳቸው እየተጠቃቀሱ። ሆስፒታሉ ሁሉ ዘሃራ ሆነ።

“ተዉ፣ ይህ ነገር አንድ ቀን ሰው ይበላል” አልኳቸው በስብሰባ ላይ።

“እቴ ሐዋ ደግሞ በስተርጅና ንፍገት ልታስተምረን ነው” አለች አንዷ፤ ቤቱ ሳቀ። ዘሃራም አብራ ሳቀች። እኔ የዚያን ዕለት ጋሼ ታረቀን ከነክራቸው አስታወስኳቸው፤ ሰውዬው አላበዙም ነበር።

ሌላም ያልለቀቀ ልማድ ነበር። ነርሶቹ ኮምፒዩተሩን ተቀበሉ እንጂ አልጋው ግርጌ የሚንጠለጠለውን ወረቀት አልጣሉም። መድኃኒቱን ከወረቀቱ አይተው ይሰጣሉ፤ ከሰጡ በኋላ ኮምፒዩተሩ ላይ ይመዘግባሉ። መጻፊያ አደረጉት እንጂ ማንበቢያ አላደረጉትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኑሩ የሚባል የዋጃ ልጅ በሳንባ ምች ተኝቷል፤ ገና መናገር የጀመረ። ሐኪሙ ፔኒሲሊን ያዝለታል፣ ወረቀቱም ላይ ይጻፋል። በዚያው ጠዋት፣ መርፌው ገና ሳይጀመርለት፣ ዘሃራ እንደ ልማዷ እናቱን እያጫወተች ስትጽፍ፣ እናትየዋ ባለፈው ዓመት መርፌ ተወግቶ ሰውነቱ አብጦ እንደነበር ትነግራታለች። ዘሃራ ወዲያው ለሐኪሙ ትነግራለች፤ ሐኪሙ ኮምፒዩተሩ ላይ መድኃኒቱን ይለውጣል፤ እሷም ፔኒሲሊን አይስማማውም ብላ በቀይ የሚታየውን ማስጠንቀቂያ ትሞላለች። የወረቀቱን ልትሰርዝ ስትነሣ ስልኳ ጮኸ። ከጎብዬ ነው፤ አባቷ አቶ ይመር አርፈዋል።

ያን ጩኸት እኔም ቢሮዬ ሆኜ ሰማሁት። ሮጬ ሄድኩ፣ ይዤ አወጣኋት፣ ባጃጅ ላይ ጭኜ መናኸሪያ አድርሼ መኪና ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። ማሽኑን የዘጋ የለም። ወረቀቱንም የሰረዘ የለም።

ከዙህር፣ ከቀትር ሶላት በኋላ፣ እናቱ ውኃ ልትቀዳ ወጣ ባለችበት ኑሩ ፔኒሲሊን ተወጋ። ወዲያው ፊቱ አበጠ፣ ትንፋሹ ተዘጋ። በአላህ ቸርነት ቶሎ ተደረሰለት፤ የሚያነቃውን መርፌ ወጉት፣ ኦክስጅን ሰኩለት፣ በአምቡላንስ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላከ። ነፍሱ በቋፍ ላይ ነበረች። ኮምፒዩተሩ ሲታይ “መርፌውን የሰጠችው፦ ዘሃራ ይመር” ይላል።

አዲስ የመጣው ዳይሬክተር በማግስቱ አስጠራኝ። ወጣት ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን የልጁ አባት አሊ ወረዳ ሄዶ “ልጄን ገደሉብኝ” ብሎ ጮኾ ነበርና ደንግጧል።

“ዘሃራ በዚያ ሰዓት ጎብዬ ነበረች፤ መኪና ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ” አልኩት።

“ታዲያ ማን ወጋው?”

“አላውቅም።”

“ተረኞቹን ጠየቅኳቸው፤ ሦስቱም አላየንም አሉ። ማሽኑ ግን ዘሃራ ይላል። ኮምፒዩተር አይዋሽም እያልሽ ስታስተምሪን የከረምሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ እቴ ሐዋ?”

“የወጋው ሰው ካልተገኘ ደንቡ ግልጽ ነው፤ በስሙ የተመዘገበበት ይጠየቃል። ከለቅሶ ስትመለስ ትታገዳለች። ሥራዋም የሙያ ፈቃዷም አደጋ ላይ ነው” አለኝ።

ዋርድ ወረድኩና ተረኞቹን ያዝኳቸው። ሁለቱ ወጣቶች አንገታቸውን ደፉ። ጋሽ ጌታቸው አንድ ሕፃን ላይ አጎንብሶ ግሉኮስ ያስተካክላል፤ ቀና አላለም። ገባኝ። ለሁላችንም ገብቶናል፤ ግን ማን ይናገር? አባት የሆነ ሰው፣ ጡረታው በር ላይ ቆሟል፣ የስንቱን ልጅ አድኗል። ዘሃራን ያሳጣት ይሉኝታ አሁን ደግሞ ለእሱ ጥላ ሆነለት። በሌላው በኩል ሹክሹክታው ጀምሯል፦ “አየሽ፣ ይህ ማሽን ሰው በላ ነው። ያልሠራሽውን ያስከፍልሻል።” እሷ ከተባረረች ማንም ዳግመኛ አይነካውም። ከዚያ የሚቀረን ያው ወረቀት ነው፤ በዝናብ ጊዜ ገንፎ የሚሆነው። ልቤ በሁለት በኩል ተሰነጠቀ። ጌታቸውን ብቻውን አግኝቼ “አንተ ሰው፣ ልጅቱን አታስበላት” አልኩት። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ፊቱን አዙሮ ሄደ።

በነጋታው ሠራተኛው ተሰብስቦ ለቅሶ ለመድረስ ጎብዬ ወረድን። ለሐዘንተኛ ሌላ መርዶ አይነገርምና ዘሃራ ስለ ልጁም ስለ እገዳውም ምንም አልሰማችም። ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ ተቀምጠዋል፤ ሼሁ ዱአ አድርገው ጨርሰዋል። እኛ ሴቶቹ ወደ ቤቱ ስናልፍ ዘሃራ የመሥሪያ ቤት ሰው መጣ ሲሏት በሩ ላይ ወጥታ እኔ ላይ ተጠመጠመች።

ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ቀጭን ገበሬ አጠገቡ ያሉትን ሽማግሌ “ይህቺ ማን ናት?” አላቸው።

“የሟች ልጅ ናት፣ ዘሃራ። ቆቦ ነርስ ናት።”

ሰውዬው ተነሣ። ዋርዱ በር ላይ አይቼው ነበርና አወቅኩት። አሊ ነው፣ የኑሩ አባት። ለካ አቶ ይመር የከብት ገበያ ወዳጁ ኖረዋል። ልጁን ከእናቱ ጋር ትልቁ ሆስፒታል ትቶ ከብቱን ለማየት ሲመለስ መርዶውን ሰምቶ ነው የመጣው። ልጁ ሆስፒታል ተኝቶበት እንኳ የወዳጁን ለቅሶ አልቀረም፤ በኛ አገር አይቀርማ።

“ዘሃራ ይመር? ሕፃናት ክፍል ያለችው?” አለ።

“አዎ፣ ምነው?” አሉ ሽማግሌው።

“መቼ ነው የመጣችው?”

“ጀናዛው ሳይወጣ፣ ዙህር ሳይሰገድ ደርሳለች። አስከሬኑ እግር ሥር ያለቀሰችው እሷ አይደለችም?”

አሊ ወደ እኛ ወደ ሆስፒታሉ ሰዎች ዞረ። ድምፁን አልጨመረም፤ ግን ድንኳኑ ሁሉ ሰማው። “ልጄ የተወጋው ከዙህር በኋላ ነው። ዘሃራ የምትባል ወጋችው ብላችሁ ነግራችሁኛል። እኔም አላህ ይይላት ብዬ ስረግማት ነው የሰነበትኩት። ታዲያ ልጄን የወጋው ማን ነው?”

ዘሃራ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ፤ እኔ መሬቱን አየሁ። ከዚያ ከወንዶቹ መካከል ጋሽ ጌታቸው ተነሣ።

“እኔ ነኝ” አለ። “ወረቀቱን አይቼ ወጋሁት። ማሽኑን አላየሁም፤ ንቄው ነው ያላየሁት። ከወጋሁት በኋላ ልመዘግብ ስሄድ በዚህች ልጅ ስም የተከፈተውን አገኘሁና ጻፍኩ። ስጽፍ ቀዩ ወጣብኝ። ‘አይስማማውም’ ይላል። እሷ ናት የጻፈችው። ሮጬ ስመለስ ልጁ ማበጥ ጀምሯል። ያን ቀይ ባላየው ኖሮ ወደ ሌላው አልጋ አልፌ ነበር፤ ልጅህም ዛሬ አይኖርም ነበር። ከዚያ ወዲያ ፈራሁና ዝም አልኩ። አባቷ በሞተባት ልጅ ላይ ሌላ መከራ ልጨምርባት ነበር።”

ዘሃራ ያን ሁሉ ሰምታ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው። “ጋሽ ጌቴ፣ ኑሩ ነው? ልጁ ተርፏል?”

ወላሂ፣ ስለ ራሷ አልጠየቀችም። አሊ አያት። “ተርፏል” አላት። “ዛሬ ሙዝ በላ ብላ እናቱ ደወለችልኝ።”

“አልሐምዱሊላህ!” አለች፤ እዚያው በሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

ጌታቸው እንደቆመ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ፍርዱን ይጠብቃል። አሊ ወደ እሱ ዞረ።

“የኔና ያንተ ነገር ይቆየን” አለው። “ዛሬ ለቅሶ ላይ ነን፤ ቁጭ በል።”

ጌታቸው ቁጭ አለ። አንዱ ውኃ አቀበለው፤ ጠጣ።

በማግስቱ ራሱ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብቶ ቃሉን ሰጠ። ከደመወዙ ተቀጣ፣ ጡረታው ግን አልተነካም፤ ሐኪሞቹ ሮጦ በመድረሱ ልጁ እንደተረፈ መስክረውለታል። ዘሃራ ፓስወርድ በማዋሷ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት፤ “ይገባኛል” ብላ ተቀበለች። አልታገደችም። አሊም ወረዳ ተመልሶ “በልጅቱ ላይ ያልኩትን አንስቻለሁ” አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩ! ቢሮዬ በር ላይ ወረፋ። “እቴ ሐዋ፣ የራሴን አዲስ ስጪኝ።” “እቴ ሐዋ፣ እሷ ቆማ እያየችኝ ነው፣ ዞር በያት።” ያቺ ንፍገት ልታስተምሪን ነው ያለችኝ ነርስ ጓደኛዋ አውሽኝ ስትላት “አንቺ፣ መፋቂያ ይዋዋሱታል እንዴ?” ብላ ስትመልስላት በጆሮዬ ሰማሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ በወሎ ምድር የለም ማለት ነውር መሆኑ ቀረ፤ በዚህች በአንዷ ነገር ብቻ። አልጋ ግርጌ የነበረውን ወረቀት ያነሣነው እኔና ጌታቸው ነን፤ እሱ እየፈታ እኔ እየሰበሰብኩ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ምን እንደሚደረግ ነርሶቹ ራሳቸው ተቀምጠው መከሩ፤ ለካ ገና በመጀመሪያው እነሱን መጠየቅ ነበር።

ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ አንድ ጠዋት በሕፃናት ዋርድ ሳልፍ አሊን አየሁት። ኑሩን አቅፎ በር ላይ ቆሟል። ልጁ ወፍራም ሆኗል፣ ማሻአላህ፤ ግን ትንሽ ትኩሳት አለው። ዘሃራ ሌላ ክፍል ናት። ጠረጴዛው ጋ ያለው ጌታቸው ነው። ሁለቱ ከለቅሶው ወዲህ አልተያዩም። እኔም ሳላልፍ ቆምኩ።

ጌታቸው ተነሥቶ ሰላም አለው። “ሌላ ነርስ ልጥራልህ?” ሲል ጠየቀው።

አሊ ጠረጴዛውን ዞሮ ስክሪኑን አየ። ማንበብ አይችልም፤ ግን ቀይዋን ጽሑፍ በጣቱ ነካት። “ያቺ ናት?”

“ያቺ ናት። ከመንካቴ በፊት አንብቤያታለሁ።”

“በማን ስም ነው አሁን የምትጽፈው?”

“በራሴ” አለ ጌታቸው።

አሊ ልጁን ከደረቱ አላቅቆ ጌታቸው ክንድ ላይ አስቀመጠው። “እንካ” አለው። “ያዘው።”